የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጸሓፊ ሊንድሊ መሬይ

በግእዝም ሆነ በአማርኛ ግስ ልብሱን ለብሶ ይመጣል። «ጸሐፈ» የሚለውን ቃል የሰማ ተማሪ፥ ቃሉ ብቻውን ቆሞ ሳለ እንኳ፥ ግስ መሆኑን፥ አድራጊውም አንድ ሩቅ ወንድ መሆኑን፥ ጊዜውም ኃላፊ መሆኑን ከቃሉ መልክ ያውቃል፤ «መጽሐፍ» ሲባል ደግሞ ስም መሆኑን ማንም አይስተውም። የእንግሊዝኛ ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ልብስ የለውም። «ዎተር» የሚለው ቃል በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውኃ ማለት ሲሆን በሌላው ውኃ ማጠጣት ማለት ይሆናል። «ላይት» የሚለውም አንድ ጊዜ ብርሃን፥ አንድ ጊዜ ማብራት፥ አንድ ጊዜም ያልከበደ ማለት ነው፤ ፊደሉም ድምፁም አይለወጥም። ስለዚህ እንግሊዝኛን የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገርበት ነገር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግሱ የትኛው እንደ ሆነ፥ ስሙና ቅጽሉም የትኞቹ እንደ ሆኑ ለይቶ ማወቅ ነው።

ይህን ችግር ለሕፃናት በሚገባ አጭር መንገድ አዘጋጅቶ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ያዳረሰው ሰው ሊንድሊ መሬይ ይባላል። የሚያስደንቀው ግን መሬይ በሥራው መምህር አለመሆኑ ነው። አስቀድሞ ጠበቃ፥ ቀጥሎ ነጋዴ፥ በመጨረሻም ከወንበሩ መነሣት የተሳነው በሽተኛ ነበረ።

ሊንድሊ መሬይ በ1745 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በፔንሲልቬንያ፥ ስዋታራ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ተወለደ። (በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረ። አባቱ ሮበርት መሬይ መጀመሪያ የእህል ወፍጮ የነበረው ሰው ሲሆን፥ በኋላ ወደ ንግድ ገብቶ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ሄደና በዚያ ከከተማይቱ ታላላቅ ነጋዴዎች እንደ አንዱ ሆነ። በኒው ዮርክ ከተማ «መሬይ ሂል» ተብሎ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ቤተ ሰብ ነው። ወላጆቹ ኩዌከር ከሚባለው ማኅበር ነበሩ፤ ይህም ማኅበር ሹመት ያላቸው ካህናት የሌሉት፥ ጸሎቱን በዝምታ የሚያደርስ፥ ጦር ማንሣትን የሚከለክል ነው።

አባቱ ልጁን በብርቱ ሥርዓት ያሳደገው ሲሆን የንግዱ ወራሽ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁ ግን የሒሳብ መዝገብ ከመጻፍ ይልቅ መጽሐፍ ማንበብን ይወድ ነበር። አንድ ቀን ያለ ፈቃድ ከቤት በመውጣቱ አባቱ ስለ ቀጣው፥ ቅጣቱ ያላግባብ መስሎ ታየውና ልብሱን ጠቅልሎ ከኒው ዮርክ ጠፋ። የሸሸውም እንደ ሌሎች ኮብላይ ልጆች ወደ መርከብ ወይም ወደ ጫካ አልነበረም፤ በኒው ጀርሲ ግዛት ወደምትገኘው በርሊንግተን ወደምትባለው ከተማ ሄደና በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ ይማር ጀመር። ከቤት ጠፍቶ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ብዙ አይገኝም። ቆይቶም ዘመዶቹ አግኝተው ከአባቱ ጋር አስታረቁት፤ ከዚያም ወዲያ በቤቱ የሚያስተምረው መምህር ተቀጠረለት።

ወጣትነቱ ሲደርስ የሕግ ትምህርት ለመማር ጠየቀ። አባቱ ብዙ ጊዜ እምቢ ቢልም በመጨረሻ ተረታና ቤንጃሚን ኪሳም ከሚባለው የኒው ዮርክ ጠበቃ ዘንድ አስገባው። በዚያው ቤት አብሮት ይማር የነበረው ጆን ጄይ ሲሆን፥ ይህ ሰው በኋላ በ1789 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። መሬይ በ1767 ዓ.ም. ሐና ዶብሰን የምትባለውን አገባ፤ እርስዋም በጤናም በሕመምም እስከ መጨረሻው ቀኑ አልተለየችውም። የጥብቅና ሥራውንም በኒው ዮርክ ጀመረ። በውል ወረቀት ላይ የአንዲት ቃል ሙያ ብትሳት ቤትና ርስት እንደሚጠፋ ያየ ሰው በኋላ ስለ ቃላት ሲጽፍ ጥንቃቄን ከወዴት እንዳመጣ መገመት አያዳግትም።

በ1775 ዓ.ም. አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ጦርነት ገጠሙ። መሬይ ከሁለቱም ወገን ሳይሰለፍ ሚስቱን ይዞ በሎንግ አይላንድ ወደምትገኘው አይስሊፕ ወደምትባለው መንደር ሄደና ጥቂት ዓመታት ዓሣ በማጥመድና በማንበብ ኖረ። በ1776 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ኒው ዮርክ በገባ ጊዜ እናቱ ሜሪ መሬይ የጦሩን አለቃ ጄኔራል ሃውንና መኰንኖቹን በቤትዋ ተቀብላ በግብዣ እንዳዘገየችና በዚያው ጊዜ የዋሽንግተን ወታደሮች እንዳመለጡ በአሜሪካ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን ሆን ብላ ማዘግየትዋን ይጠራጠራሉ። ልጅዋ ሊንድሊ በአይስሊፕ የነበረው ገንዘብ ስላለቀበት ወደ ከተማ ተመልሶ በንግድ ሥራ ተሰማራ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሚበቃውን ሀብት አገኘ። ጦርነቱ በ1783 ዓ.ም. ሲፈጸም ንግዱን ትቶ ከከተማው ወጣ ባለ «ቤልቪው» በሚባል በወንዝ ዳር ባለ ቤት ተቀመጠ። በኋላ ዘመን የታወቀው የቤልቪው ሆስፒታል ስሙን የወሰደው ከዚሁ ስፍራ ነው።

ነገር ግን ዕረፍት ባገኘበት በዚያው ወራት ጤናው ተጓደለ። ጅማቶቹ እየደከሙ ሄዱ፤ ጥቂት እንደ ተራመደ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። በፔንሲልቬንያ ያሉትን ፈዋሽ ምንጮች ሞከረ፤ አልረዱትም። ሐኪሞችም ሙቀት ያልበዛበት አገር እንዲሻለው ስለ መከሩት በ1784 ዓ.ም. ሠላሳ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዞ ከሚስቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። እርሱ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነው። በኋላ የተነሡ አንዳንድ የታሪክ ጸሓፊዎች ግን የመሬይ ቤተ ሰብ በጦርነቱ ጊዜ ከእንግሊዞች ጋር በመነገዱ የደረሰበትን ጥላቻ ከመሄዱ ጋር ያያይዙታል። ያም ሆነ ይህ፥ የተወለደበትን አገር ዳግመኛ አላየውም።

በዮርክ ከተማ አጠገብ በሆልጌት መንደር አትክልት ያለበት ቤት ገዛ። መጀመሪያ በአትክልቱ ውስጥ ጥቂት ይራመድ ነበር፤ ቀጥሎ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ይዞር ነበር፤ ከዚያ በሠረገላ ብቻ ይወጣ ጀመር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ከቤት መውጣት ጨርሶ ተሳነው። ድምፁ እንኳ ይደክምበት ነበር። እንዲህ ሆኖ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነብና ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1787 ዓ.ም. አሳተመ፤ የዚህም ርእስ ሃይማኖት በሰው ልቡና ላይ ያለውን ኃይል የሚመለከት ሲሆን፥ ሰዎች በመከራና በሞት ፊት እንዴት እንደ ጸኑ የሚተርክ ነበር። አትሞም የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች በዮርክና በአካባቢዋ ላሉ ሰዎች በነጻ አደለ።

ሰዋስው ወደ መጻፍ ያመጣው ግን የእርሱ አሳብ አይደለም። በዮርክ ከተማ አስቴር ቱክ የምትባል የኩዌከር ሴት በ1785 ዓ.ም. ያቋቋመችው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ወጣት ሴቶች ራሳቸው የእንግሊዝኛ ሰዋስውን በሚገባ አልተማሩም ነበርና ወደ ሆልጌት እየመጡ ከበሽተኛው ዘንድ ተማሩ፤ ከዚያም ለደቀ መዛሙርታቸው የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፍላቸው ለመኑት። በዚያ ዘመን ሰዋስው የሚባለው ትምህርት በአብዛኛው ላቲን ለሚማሩ ወንዶች ልጆች የተጠበቀ ነበር። ሴቶች ልጆች የገዛ ቋንቋቸውን ሥርዓት ያውቁ ዘንድ መጽሐፍ መጠየቃቸው ቀላል ነገር አልነበረም። መሬይ መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ ግን እሺ ብሎ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ጻፈው። መጽሐፉ በ1795 ዓ.ም. በዮርክ ታተመ፤ ስሙም «የእንግሊዝኛ ሰዋስው» ተባለ።

መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፤ መጀመሪያው ስለ ፊደልና አጻጻፍ፥ ሁለተኛው ስለ ቃላት ዓይነት፥ ሦስተኛው ስለ ዓረፍተ ነገር አገባብ፥ አራተኛው ስለ ንባብና ስለ ዜማ ይናገራል። የንግግር ክፍሎችን ዘጠኝ አድርጎ ቈጠራቸው፤ በአማርኛ ሰዋስው በተለመዱት በስምንቱ ላይ፥ ማለት በስም፥ በተውላጠ ስም፥ በቅጽል፥ በግስ፥ በተውሳከ ግስ፥ በመስተዋድድ፥ በመስተፃምርና በቃለ አጋኖ ላይ፥ «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉትን መስተአምሮች ጨመረ። ይህን አከፋፈል እርሱ አልፈጠረውም፤ ከግሪክና ከላቲን ሊቃውንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ የቅርብ ምንጩም በ1762 ዓ.ም. ሰዋስው ያሳተመው ጳጳሱ ሮበርት ሎውዝ ነበር። መሬይም ራሱን ከብዙ መጻሕፍት የለቀመ ሰብሳቢ አድርጎ እንጂ አመንጪ አድርጎ አላቀረበም።

ተማሪውን የጠቀመው ትርጓሜው ብቻ ሳይሆን የመለያ ምልክቶቹ ናቸው። ስም ማለት ሰው፥ ስፍራ ወይም ነገር የሚጠራበት ነው ቢባል ሕፃኑ ቃሉን ያጠናል፤ ዓረፍተ ነገር በፊቱ ሲቀመጥ ግን እንደ ገና ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መሬይ ለየክፍሉ መፈተኛ ሰጠ። በፊቱ መስተአምርን የሚቀበል፥ ወይም ብቻውን ሲነገር ትርጉም የሚሰጥ ቃል ስም ነው። ነገር ማለት የሆነውን «ቲንግ» የሚለውን ቃል ወይም ሌላ ስም ከበስተኋላው ቢያስከትሉለት የሚስማማው ቅጽል ነው። እንደ «አይ»፥ እንደ «ሂ»፥ እንደ «ዜይ» ያለ ተውላጠ ስም ወይም «ቱ» የሚለው ቃል ከፊቱ ቢገባ ትርጉም የሚሰጥ ግስ ነው። እንዴት፥ ምን ያህል፥ መቼ፥ የት ለሚል ጥያቄ የሚመልስ ተውሳከ ግስ ነው። መስተዋድድ ደግሞ ተሳቢ የሆኑትን «ሚ»ን፥ «ሂም»ን፥ «ዜም»ን የሚያስከትል ነው።

ይህን መፈተኛ የያዘ ሰው ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥሎ ቢፈትነው ፈተናው ያታልለዋል፤ «ዘ ዎተር» ይባላልና ስም ነው፤ «ቱ ዎተር»ም ይባላልና ግስ ነው፤ ምንም አልተለየም። ቃሉ በቆመበት ስፍራ እንዳለ ሲፈተን ግን ነገሩ ይገለጣል። «ዘ ዎተር ኢዝ ኮልድ» በሚለው ዓረፍተ ነገር፥ ማለት ውኃው ቀዝቃዛ ነው በሚለው፥ በ«ዘ» ስፍራ «ዜይ» ቢገባ ንግግሩ ይፈርሳል። መነኮሳቱ አትክልቱን ያጠጣሉ ማለት በሆነው «ዘ ሞንክስ ዎተር ዘ ጋርደን» በሚለው ግን «ዘ ሞንክስ» ተነሥቶ «ዜይ» ቢገባበት ዓረፍተ ነገሩ ሳይነቃነቅ ይቆማል። እንግዲህ በፊተኛው «ዎተር» ስም፥ በኋለኛው ግስ ነው፤ የፊተኛውም ግስ «ኢዝ» የተባለው ነው።

ብዙ ተማሪዎች ይህን «ኢዝ» ያልፉታል። ግስ ማለት ሥራ ነው ተብለው ስለ ተማሩ የሚሮጥና የሚመታ ነገር ሲፈልጉ ነው የሚያመልጣቸው። መሬይ ግን ከእርሱ በፊት የነበሩትን ተከትሎ ግስ መሆንን፥ ማድረግን ወይም መደረግን የሚያመለክት ቃል እንደ ሆነ አስተማረ፤ መሆንንም በመጀመሪያ አኖረው። የአማርኛው «ነው» ዓረፍተ ነገሩን እንደሚያስር «ኢዝ»ም ያስራል።

«ኤስ» የተባለችው ፊደልም ሌላ ወጥመድ ናት። በስም መጨረሻ ስትገባ ብዛትን ታሳያለች፤ በግስ መጨረሻ ስትገባ ግን አድራጊው አንድ ሩቅ መሆኑን ታሳያለች። ስለዚህ «ዎክስ» የሚለው ቃል ስም ሲሆን የብዙ፥ ግስ ሲሆን የነጠላ ምልክት ይዞ ይገኛል። «ቱ»ም እንዲሁ ሁልጊዜ የግስ በር ጠባቂ አይደለም፤ «ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ሲባል ወደ ትምህርት ቤት ሄደ ማለት ነውና፥ እዚህ «ቱ» መስተዋድድ፥ «ስኩል»ም ስም ነው። ግሱም ሁልጊዜ አንድ ቃል ሆኖ አይገኝም። «ሂ ሃዝ ሪትን ኤ ሌተር» በሚለው «ሃዝ» ረዳት ሆኖ «ሪትን»ን ይዞት ይሄዳል፤ በጥያቄ ጊዜም «ዱ ዩ ሪድ» ሲባል ረዳቱና ዋናው ግስ ባለቤቱን በመካከል አድርገው ተለያይተው ይቆማሉ። መሬይ እነዚህን ረዳቶች፥ «ዱ»፥ «ቢ»፥ «ሃቭ»፥ «ሻል»፥ «ዊል»፥ «ሜይ»፥ «ካን» እያለ፥ በስማቸው ቈጥሮ አስጠንቅቋል።

በ1797 ዓ.ም. የመልመጃ መጽሐፍ አወጣ። በዚያም ተማሪው እያንዳንዱን ቃል በተራ እያነሣ ዓይነቱን፥ ቍጥሩን፥ ጊዜውን፥ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚስማማ እንዲናገር ያዝዛል፤ ይህንም ሥራ እንግሊዞች «ፓርሲንግ» ይሉታል። አንዱ ቃል በተለያየ ስፍራ ልዩ ልዩ ክፍል ሲሆን የሚያሳዩ ምሳሌዎችንም ሰብስቧል፤ ለምሳሌ «ካም» የተባለው ቃል ጸጥ ያለ ማለት ሲሆን ቅጽል፥ ጸጥታ ሲሆን ስም፥ ጸጥ ማሰኘት ሲሆን ግስ መሆኑን ያሳያል። በቅኔ ቤት ማሠሪያ አንቀጹን ፈልጎ፥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለይቶ፥ ለየቃሉ ሙያውን የተናገረ ተማሪ ይህን ሥራ እንደ እንግዳ አያየውም። ልዩነቱ በግእዝ የቃሉ መልክ ብዙ ሲመሰክር በእንግሊዝኛ ስፍራው ከመልኩ ይልቅ መመስከሩ ነው። ለመልመጃውም የእርማቱን መልስ ለብቻው በሌላ መጽሐፍ አሳተመ፤ ይህም መምህር ያላገኘ ሰው ብቻውን እንዲማር ረዳው።

የሰዋስው መጽሐፉ፥ አጭሩ እትም፥ በ1799 ዓ.ም. ያወጣው የንባብ መጽሐፍና በ1804 ዓ.ም. ያወጣው የፊደል መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂ ተሸጡ። አብርሃም ሊንከን የንባብ መጽሐፉን እጅግ ያመሰግን እንደ ነበረ ወዳጁ ጽፎአል። ሰዋስዉ ወደ ሆላንድ ቋንቋ ተተርጕሞ ስለ ነበር፥ ሺቡካዋ ሮኩዞ የሚባል ጃፓናዊ ሊቅ ከሆላንድኛው ወደ ጃፓንኛ መልሶ በ1840 ዓ.ም. ገደማ አዘጋጀው፤ ጃፓን በሯን ለውጭ አገር ሰዎች ዘግታ በነበረችበት በዚያ ዘመን ማለት ነው። ከዮርክ መንደር ወንበሩን ሳይለቅ የጻፈ ሰው እስከዚያ ይደርሳል ብሎ አላሰበም ነበር።

ነቃፊዎችም አልታጡም። ኖኅ ዌብስተር የተባለው አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ከእኔ መጽሐፍ ወስዷል ሲል ከሰሰው። ሌሎችም የላቲንን ልብስ በእንግሊዝኛ ላይ በግድ አለበሰ፥ ሕዝቡ የሚናገረውንም ስሕተት ብሎ ኰነነ አሉ። በዚህ ነቀፋ እውነት አለ፤ ለሰዎች አነጋገር ያወጣቸው አንዳንድ ሕጎች ከቋንቋው ጠባይ ይልቅ ከሊቃውንት ልማድ የተቀዱ ናቸው። የመለያ ምልክቶቹ ግን ዕድሜ አገኙ። በ1952 ዓ.ም. የሚሺጋኑ ፕሮፌሰር ቻርልስ ፍሪዝ የሃምሳ ሰዓት ያህል የስልክ ንግግር መርምሮ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከትርጓሜያቸው ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገቡበት ከሚችሉት ክፍት ስፍራ ብቻ ከፋፈላቸው። ፍሪዝ የጥንቱን አከፋፈል የነቀፈ ሰው ነበር፤ ሆኖም ቃሉን ወደ ስፍራ አግብቶ የመሞከሩ ዘዴ በሆልጌት ከተጻፈው ምልክት እጅግ የራቀ አይደለም።

መሬይ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ ለራሱ አላከማቸም፤ ለበጎ አድራጎት ሥራ ሰጠው። በኑዛዜውም ሚስቱ ካለፈች በኋላ የሚቀረው ሀብት በኒው ዮርክ ባሉ ባለዐደራዎች እጅ ሆኖ በባርነት የተያዙ ጥቁሮችን ነጻ ለማውጣትና ለማስተማር፥ የአገሩን ነባር ሕዝብና ድኾችን ለመርዳት፥ ጠቃሚ መጻሕፍትንም ለማደል እንዲውል አዘዘ። በ1826 ዓ.ም. በሆልጌት ቤቱ ዐረፈ፤ በዮርክም በኩዌከሮች መቃብር ተቀበረ። ሕይወቱን እስከ 1809 ዓ.ም. ድረስ ራሱ በደብዳቤ መልክ ጽፎት ነበርና ወዳጁ ኤልሳቤጥ ፍራንክ ቀሪውን ጨምራ በሞተበት ዓመት አሳተመችው። በአትክልቱ ውስጥ የነበረችው ትንሽ የበጋ ቤትም በኋላ ከሆልጌት ተነሥታ በዮርክ በሚገኘው በማውንት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ግቢ ተተከለች።